ዕጣን ያልሸፈነው ሽታ

መተማ ሲባል ተማሪው የሚያስታውሰው የታሪክ ትምህርቱን ነው። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ምድር መሆኑንና ከተማዪቱም ስማቸውን ይዛ መተማ ዮሐንስ መባሏን ያውቃል። ወደዚያ ለሥራ የተመደበው ወጣት ሹም ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ሙቀቱን፥ ወባውን፥ የሰሊጡን ማሳና የሱዳንን ድንበር ነው። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጦርነቱም ስለ ሰሊጡም አንናገርም። የምንናገረው ከማድ ቤት ምድጃ ተነሥቶ፥ የቆርቆሮ ጣሪያ በስቶ ስለሚወጣ አንድ ቧንቧ፥ ማለት ስለ ጢስ መውጫ ነው። «ለዚህ ነገር ደግሞ የእሑድ ገጽ ይሰጠዋልን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ግን አንድ ሙሉ ክረምት በቆላ፥ በተከራየው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ መሆን አለበት።

ነገሩ የደረሰው በራሳችን ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣን በዓመቱ ለሥራ ጉዳይ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ወርደን፥ ክረምቱን መተማ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን አሳለፍን። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፥ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አንደኛው ክፍል በጥግ በኩል ምድጃ ተሠርቶለት፥ ከምድጃው ላይ ከላሜራ የተጠቀለለ ቧንቧ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። የቤቱ ባለቤት፥ በዕድሜ የገፉ ሴት፥ ቤቱን ሲያሳዩን ከሁሉ አስቀድመው ያሳዩን ይህንን ቧንቧ ነበር። «የዱሮው ተከራይ የደጋ ሰው ነው፤ እሱ ነው ያሠራው፤ እንግዲህ ጢስ አያይህም» አሉን። እኛም ስለ ጢስ ጉዳት በትምህርት ቤት ብዙ የሰማን ስለሆነ ደስ አለን። የቤት ውስጥ ጢስ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ፥ ከሰልና ጋዝ ከመሳሰለው በሚወጣ የተበከለ አየር ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከምድጃ አጠገብ የማይለዩ ሴቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉ ሕፃናት ናቸው።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልታወቀንም። በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስንመለስ ቤቱን ከፍተን ስንገባ አንድ ሽታ ተቀበለን። የረጠበ አመድ፥ የተቃጠለ ሬንጅና ሦስት ቀን ያደረ የሻገተ እንጀራ ተቀላቅለው አንድ ላይ ቢሸቱ እንዲያ ይሸታሉ። ድስቱን አነሣን፤ ሌማቱን ከፍተን አየን፤ ከአልጋው ሥር የሞተ አይጥ ፈለግን። ምንም የለም። ይልቁንም ያስደነቀን ሽታው ሰዓት የሚያውቅ መሆኑ ነው። ምድጃው ሲነድ ይጠፋል፤ ሌሊት ይለዝባል፤ ምድጃው ቀዝቅዞ ፀሐይ ብልጭ ባለች ጊዜ፥ በቀትር፥ ይበረታል። ከቧንቧው ጀርባ ያለው ግድግዳም ከላይ ወደ ታች ጥቁርና አረንጓዴ ነቁጥ እያወጣ መጣ።

እንግዲህ መተማ የዕጣን አገር ነው። ዕጣኑ የሚገኝበት ዛፍ በቆላው ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ይበቅላል፤ በበጋ ልጡን እየፋቁ ያቆስሉትና ከቁስሉ የሚፈሰው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል። በዚህ አገር ተቀምጦ ሽታ የሚያስቸግረው ሰው ምን እንደሚያደርግ አንባቢ መገመት አያቅተውም። ከገበያ ዕጣን ገዛንና ጧትና ማታ ማጤስ ጀመርን። ለጥቂት ሰዓት ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ሽታው ይመለሳል፤ አሁን ግን ዕጣን ዕጣን የሚል ሻጋታ ይሆናል። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት በደጃፍ ሲያልፉ ቆም አሉና «ልጄ፥ ለሬሳ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ዕጣን?» አሉን። ሳቅን፤ ማጤሱን ግን አልተውንም። የዕጣን ጢስም እንደ ማንኛውም ጢስ በሳንባ የሚገባ ረቂቅ ብናኝ እንዳለው፥ ሽታን በሽታ ከመሸፈን በቀር እርጥበትን ቅንጣት እንደማይቀንስ በዚያን ጊዜ አላሰብንም።

ዕጣኑ ካልሆነ ብለን ሌላ ብልሃት ፈጠርን። ሽታው ከቧንቧው እንደሚወጣ ስለ ተረዳን፥ አሮጌ ጆንያ ጠቅልለን የቧንቧውን አፍ ከሥር ደፈንነው። ምድጃውንም ተውንና በከሰል ማንደጃ ላይ ማብሰል ጀመርን። በእውነት ለመናገር ሽታው ቀነሰ። በዚህ ጥበባችንም ኮርተን ለአንድ የሥራ ጓደኛችን አወራንለት።

ከዚያ በኋላ በሐምሌ አንድ ምሽት ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ነፋሱ ውሃውን ወደ ውስጥ ስለሚረጨው በሩንም መስኮቱንም ዘግተን በማንደጃው ላይ ቡና አፈላን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሳችንን ይወቅረን ጀመር። የድካም መሰለን። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ መጣ፤ ልንነሣ ብንል ጉልበታችን ከዳን። ያወጡን እኚያው የቤቱ ባለቤት ናቸው። ዝናቡ ሲያባራ ቡና የጠሩን መስሏቸው መጥተው በሩን ሲያንኳኩ የሚመልስላቸው ስላጡ ገፍተው ገቡ። «ከሰል! ከሰል ነው እኮ! ውጣ፥ ልጄ፥ ውጣ!» እያሉ በክንዳችን ጎትተው ከደጅ ጭቃው ላይ አስቀመጡን። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ከራስ ምታት በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። መሄድ የነበረብን ግን በዚያው ሌሊት ነበር።

የሳይንስ ተማሪ የሆነ አንባቢ ምክንያቱን ያውቀዋል። ከሰል አየር ባነሰው ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ስለሚይዘው፥ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። እኛ እንግዲህ የማይገድለውን ሽታ ፈርተን፥ ሽታ የሌለው ገዳይ የሚወጣበትን መንገድ በጆንያ ደፍነን ነበር ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም ይህ ነው። በክረምት የጢስ መውጫውን በጨርቅ፥ በጆንያ ወይም በጭቃ የሚደፍን ሰው እኛ ብቻ እንዳልሆንን በኋላ ሰው ቤት ስንገባ እያየን ተረድተናልና።

ከዚያ ወዲያ ሽታውን መሸፈን ትተን ምክንያቱን ፍለጋ ገባን። በመጀመሪያ የተረዳነው ነገር ቧንቧው ራሱ የደጋ ሰው መሆኑን ነው። ጢስ ወደ ላይ የሚወጣው የሞቀ አየር ከቀዝቃዛ አየር ይልቅ ቀላል ስለሆነ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች ውጭው ብዙ ጊዜ ከቤት ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ምድጃው ባይነድ እንኳ ቧንቧው የቤቱን አየር ቀስ እያለ ወደ ላይ ይስባል። መተማ ግን ከ800 ሜትር በታች ነው። በቀትር ውጭው ይግላል፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጡ ከውጭው ይቀዘቅዛል። በዚያን ጊዜ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ከውጭው አየር የከበደ ይሆንና ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲወርድም በመንገዱ ያለውን የጥቀርሻ ሽታ ጠራርጎ ወደ ቤት ያስገባል። ሽታው ሰዓት የሚያውቅበት ምሥጢር ይህ ነበር። የዱሮው ተከራይ ምናልባት በአገሩ የሚያውቀውን ቧንቧ እንዳለ አምጥቶ ተክሎት ይሆናል፤ እኛም የምናማው አይደለም፤ ስንቱን ነገር እንዲሁ እያደረግን ከደጋ ወደ ቆላ አውርደናል!

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። ለብዙ ሰው ውሃ ወደ ጢስ መውጫ የሚገባው ከሰማይ ብቻ ይመስለዋል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት እንኳ ሲነድ ግማሽ ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል፤ እንጨቱ በክረምት ዝናብ የራሰ ሲሆን ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ይህ እንፋሎት ከጢሱ ጋር ወጥቶ የቀዘቀዘ ላሜራ ሲያገኝ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ ከጥላሸቱ ጋር ተዋሕዶም ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ጥቀርሻ ይሆናል። የእኛ ቧንቧ በላዩ ቆብ አልነበረውም፤ ዝናቡ ሲጥል ቀጥ ብሎ ይገባል። ጣሪያውን በበሳበት ቦታ ዙሪያውን የተደፈነው በጭቃ ስለ ነበር ጭቃው በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ሄዷል። ከሁሉ ይልቅ ያሳቀን ግን የቧንቧዎቹ አገጣጠም ነው። የላይኛው ቧንቧ በታችኛው ውስጥ ሊገባ ሲገባው፥ በታችኛው ላይ እንደ ባርኔጣ ተደፍቶበታል። ስለዚህ በውስጥ የሚወርደው ጥቁር ውሃ በመጋጠሚያው እየሾለከ በግድግዳው ላይ ይፈስሳል። ይህን አይቶ ያስረዳን አንድ የከተማው ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ዕድሜው ከእኛ የማይበልጥ፥ ፊዚክስ ያልተማረ፥ ነገር ግን ውሃ በየት በኩል እንደሚሄድ በዓይኑ የሚያውቅ ሰው።

ሦስተኛው ነገር ሻጋታው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ሽታዎችን አንድ ያደርጋቸዋል። የሬንጁ ሽታ የጥቀርሻው ነው፤ መኖሪያው ቧንቧው ነው። የሻገተ እንጀራ የሚመስለው ሽታ ግን በራቁት ላሜራ ላይ የሚኖር አይደለም። ሻጋታ የሚበላ ነገርና እርጥበት ይፈልጋል፤ ዘሩ በየአየሩ ስለሚንሳፈፍ ሁለቱን ካገኘ ለመብቀል ግብዣ አይጠብቅም። በእኛ ቤት የሚበላው ነገር በግድግዳው ጭቃ ውስጥ የተቦካው ጭድና ከኋላው ያለው እንጨት ነበር፤ እርጥበቱንም ቧንቧው ያጠጣዋል። ቧንቧውን ብቻ ያጸዳ ሰው ሻጋታው ይቀርበታል፤ ግድግዳውን ብቻ የቀባ ሰው ደግሞ ቀለሙ በወሩ ይላጥበታል። (ሻጋታ ሁሉ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው ከሻጋታ መሆኑን አንዘነጋም። ከአልጋችን ራስጌ የበቀለው ግን መድኃኒት የሚሆን አይመስልም ነበር።)

ሥራው የሁለት ቀን ሥራ ሆነ። ዝናቡ ፋታ የሰጠበትን ብራ ቀን ጠብቀን፥ ምድጃው ፍጹም እንደ ቀዘቀዘ በእጃችን ዳስሰን ካረጋገጥን በኋላ፥ ቆርቆሮ ሠሪው በገመድ ጫፍ የሽቦ ጥቅልል አሥሮ በቧንቧው ውስጥ ከላይ ወደ ታች አመላለሰው። ግማሽ ባልዲ ጥቀርሻና ከላይ በኩል የገባ አንድ ደረቅ የወፍ ጎጆ ወረደልን። የጥቀርሻው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መጠረግ እንዳለበት ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ የእኛው ይህን ካለፈ ቆይቷል። ጥቀርሻ የሚሸት ብቻ ሳይሆን የሚቀጣጠልም ነገር ነው፤ አንዴ በቧንቧው ውስጥ ከተያያዘ ላሜራውን እስኪቀላ ድረስ ያግለዋል።

በዚህ ሥራ ላይ አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነን፥ እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን ነበርና ቆርቆሮ ሠሪው ሳቀብን። እኛ ግን አንድ የተማርነው ታሪክ ትዝ ይለን ነበር። በሎንዶን ከተማ ትንንሽ ልጆች በጠባብ የጢስ መውጫ ውስጥ እየገቡ ጥላሸት እንዲጠርጉ ይደረግ ነበር። ፐርሲቫል ፖት የተባለው ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 እነዚህ ልጆች ሲያድጉ የሚይዛቸው ካንሰር ከጥላሸቱ የመጣ መሆኑን ጻፈ፤ አንድ ካንሰር ከአንድ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ሲታወቅ የመጀመሪያው እርሱ ነው። ልጆቹን የመላኩ ልማድ በእንግሊዝ አገር ሊቀር የቻለው ግን ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ቆይቶ፥ በ1875 በወጣው ሕግ ነበር። ይህን ለቆርቆሮ ሠሪው ብንነግረው ሳቁን አቁሞ ከእኛ ፌስታል ለመነ።

ከዚያ በኋላ ቧንቧዎቹ ተነቅለው እንደገና በትክክል ተጋጠሙ። በላዩ ከአሮጌ በርሜል የተቆረጠ ቆብ ተደረገለት፤ በቆቡና በቧንቧው መካከል ወፍ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት ተዘረጋ። ቧንቧው ከጣሪያው ጥቂት ብቻ ብቅ ያለ ስለ ነበር ተቀጠለለት፤ ደንቡ ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፥ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም ከፍ ያለ ነገርም 60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ ይላል። ጣሪያውን በሚበሳበት ላይ የላሜራ አንገትጌ ተደረገና የላይኛው ጠርዙ ከቆርቆሮው ሥር ገባ፤ ውሃው በላዩ ተንሸራቶ እንዲያልፍ። ለጆንያው ምትክ ደግሞ ከቧንቧው ሥር የሚገፋና የሚሳብ አንዲት የላሜራ መዝጊያ ተበጀች። መዝጊያዋ በቀትር ትዘጋለች፤ ነገር ግን በምድጃው ውስጥ አንዲት ፍም እስካለች ድረስ አትነካም። ይህንን በከሰል ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፍነው።

ለግድግዳው አንድ ጎረቤት በረኪና እንድንረጭበት መከረን። በረኪና በሴራሚክና በመስታወት ላይ ያለውን ሻጋታ ይገድላል፤ በጭቃ ላይ ግን ውሃው ብቻ ወደ ውስጥ ሰርጎ ሥሩን ያጠጣዋል። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር ደባልቆ የሚጠቀምም ሰው አይተናል፤ ከዚህ ድብልቅ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ስለሆነ እባካችሁ ተዉት። እኛ የሻገተውን ጭቃ ውሃ ረጨት አድርገን፥ ብናኙ እንዳይነሣ፥ እስከ ደረቁ ድረስ ፋቅነው፤ እንጨቱን በሳሙና አጥበን አደረቅነው፤ አዲስ ጭቃ መረግንና በደንብ እስኪደርቅ ከጠበቅን በኋላ ኖራ ቀባነው። ሻጋታ ኖራን አይወድም።

የቤቱ ባለቤት ይህን ሁሉ ሥራ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲመለከቱ ዋሉ። በመጨረሻ «እማማ፥ አንቱስ ምን ይላሉ?» አልናቸው። «እኔ የማውቀው ጎጆ ነው» አሉ፤ «በጎጆ ቤት ክረምት እሳት አይጠፋም። እሳት ካለ ቤት አይሸትም።» ነገሩን አስበን ስናየው ትክክል ናቸው። በሣር ጣሪያ ቤት ጢሱ በክዳኑ ውስጥ ሾልኮ ሲወጣ ሣሩን ያደርቀዋል፤ ምስጡንና ነቀዙን ያርቃል፤ ከምድጃ በላይ የሚሰቀለው የዘር ማሽላም በዚሁ ይጠበቃል። ቆርቆሮ ስናለብሰው ይህ ሁሉ አብሮ ቀርቷል። ስለዚህ «እንግዲያውስ ወደ ጎጆው እንመለስ» የሚል ይኖራል። እኛ ግን አንስማማም። ሣሩን የሚጠብቀው ያው ጢስ የሴቲቱን ሳንባ ያጠቁራል፤ የእማማም ዓይን ከልጅነት ጀምሮ ሲያለቅስ የኖረ መሆኑን ራሳቸው ነግረውናል። ይልቁንስ ከምክራቸው የወሰድነው አንድ ነገር አለ። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ በየጧቱ ደረቅ ጭራሮ ለሩብ ሰዓት ያህል እናነድ ጀመር። ቧንቧው ሲሞቅ ወደ ላይ መሳብ ይጀምራል፤ ግድግዳውም ይደርቃል። ማገዶውንም ከዝናብ አውጥተን በአልጋው ሥር ደረደርነው። ሣር ክዳን ባለው ቤት ቧንቧ ለመትከል የሚያስብ ግን ይህን ጽሑፍ አንብቦ አይነሣሣ፤ የጋለ ላሜራና ደረቅ ሣር አብረው አይኖሩም። ለእንዲህ ያለው ቤት ማድ ቤቱን ለብቻ ማድረግና ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራውን «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ማስገባት ይሻላል፤ ማገዶውን ከሞላ ጎደል በግማሽ ስለሚቀንስ ጢሱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ገንዘቡን ማን ከፈለ የሚል አንባቢ አለ። ግማሹን እኛ፥ ግማሹን በኪራይ ታስቦ የቤቱ ባለቤት ከፈሉ። ይህን ለማለት ሁለት ቀን ሙሉ ተከራክረናል። በተከራየ ቤት የሚኖር ወጣት ሹም «ነገ እዛወራለሁ፤ ለሰው ቤት ምን አደከመኝ» እያለ ሦስት ክረምት በሻጋታ ውስጥ እንደሚተኛ እናውቃለን። ሦስቱን ክረምት የሚተነፍሰው ግን እርሱ እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

ነሐሴ ሲጋመስ በቀትር ወደ ቤት ገብተን ቆም ብለን አሸተትን። የኖራና የቡና ሽታ ብቻ ነው። የተረፈውን ዕጣን ለእማማ ሰጠናቸው። ያንን ጆንያ ደግሞ እርሳቸው አጥበው ለሰሊጥ መያዣ አደረጉት፤ ሰሊጡ ጥቀርሻ ሸቶ እንደ ሆነ አልጠየቅናቸውም።